ጅምር

በዚያ ሕንፃ ውሃ የሚመጣው ማለዳ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ስለዚህ የቧንቧ ድምፅ ከተሰማ የተኛው ይነሳል፣ የሚጸልየው ያቋርጣል፣ የተጣላው ጠቡን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል፤ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል። ይህን ሕግ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በዕድሜው አንድ ጣሳ ውሃ ቀድቶ የማያውቅ፣ ሁሉን እህቱ የምትቀዳለት ወንድም። የሚስጥር ስልክ ሊደውል መታጠቢያ ቤት ገባ፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ፤ ድምፁ እንዳይሰማ ብሎ ደግሞ ቧንቧውን እስከ ጥጉ ከፈተው። እህቱም ውሃ መጣ ብላ በሁለት እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች በሩ ሥር ደረሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ዘመድ ሆናት።

«እህቴን ማማቴ አይደለም አባባ» ይላል ወንድሟ፣ ከውሃው በላይ ለመሰማት እየጮኸ። «ኋላ እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው። መጀመር እንጂ መጨረስ አታውቅም። ፀጉር ሥራ ጀመረች፣ ተወችው። ልብስ ስፌት ጀመረች፣ ተወችው። ሂሳብ፣ ነርስነት፣ ስንቱን ልንገርዎ! እኛ ራሳችን እኮ ጅምር ነው የምንላት። ዛሬ ከመጣች በዘዴ ይመልሱልኝ፤ አደራ።»

ክው ብላ ቀረች። አባባ የሚለው ሰው መነጽር ሠሪው ነው፤ ዛሬ ጠዋት የደንበኛ ሌንስ ሰጥቶ ሊፈትናት ቀጥሯታል። ከተሳካላት ባዶውን የሥራ ወንበር ሊሰጣት ነው። ይህን ወሬ በዚህ ቤት ውስጥ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእናቷ።

ጀምራ ትታለች፤ ውሸት አይደለም። ፀጉር ሥራውን የተወችው የወንድሟ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ነው፤ «ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፣ እስኪጠና» ተብላ። ልጁ ጠንቶ ትምህርት ቤት ገብቷል። ልብስ ስፌቱን የተወችው ሁለተኛው ሲወለድ ነው። ሂሳብ አያያዙን የተማረችው የወንድሟ ሚስት ሱቅ ከፍታ የሚቀመጥላት ሰው እስክታጣ ድረስ ነበር፤ ሱቁ ሲከስር ትምህርቱም አብሮ ከሰረ። ነርስነቱን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀራት ደግሞ እናቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አስተውናት የሚል ሰው የለም፤ ተወች ተባለ፤ ቆይቶም ስሟ ጅምር ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አሁን የወንድሟ ልጆች ሳይቀሩ «አክስቴ ጅምር» ይሏታል፤ የሚስቅም የለም። እሷም ብትሆን ፈጽሞ ንጹሕ አይደለችም። አንዱን ሙያ መጨረስ ሌሎቹን ሁሉ ቀብሮ መመለስ ይመስላት ስለነበር፣ ሲጠሯት እያጉረመረመች ትነሳለች እንጂ እንቢ ብላ አታውቅም። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ስትል ሰምታ፣ እሷ አራት ባላ ተከለች። አንዱም ሰው የሚያንጠለጥል አልሆነም።

ውሃው ቆመ። ወንድሟ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ እሷን ከነጀሪካኗ ሲያያት ደነገጠ፤ ግን ለድንጋጤም ሰነፍ ነውና ወዲያው ፊቱን ሰበሰበ።

«ውሃ መጣ እንዴ?» አላት።

«መጣ» አለችው። ገብታ ሁለቱንም ጀሪካን ሞላች። ድሮ ቢሆን ታለቅስ ነበር። ያን ጠዋት ደሟ ፈልቶ እንባ የሚሆን ነገር አልተረፋትም።

ወጥ ቤት ስትገባ የወንድሟ ሚስት ዶሮ እየገነጣጠለች ነው። ዶሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜ በአዘቦት ቀን ሁለት ዶሮ የሚታረደው በከንቱ አይደለም። ለምሳ የሚመጣው አንድ ባትሪ ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ትልቅ ቤት ያለው፣ አባቱ የአልጋ ቁራኛ የሆኑበት። ሴትዮዋ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ እንደ ታላቅ የምሥራች አድርጋ ነገሩን ዘረገፈችው። ሰውዬው ጅምር ነርስ መሆኗን ሲሰማ ሊያገባት ልቡ ከጅሏል። ምድር ቤቱ ውስጥ ሰፊ ክፍል አለው፤ እማማም አብረው ይሄዳሉ፤ ከአባቱ ጋር ጎን ለጎን ይጦራሉ። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው እኮ!» አለች፤ ወፎቹ ማንና ማን እንደሆኑ ግን አልተናገረችም። ከዚያ እጇን አጥባ ከመሳቢያው ብር አወጣችና፣ ፀጉሯን ተሠርታ እንድትመጣ ሰጠቻት። በዚህ ቤት ውስጥ ለጅምር ፀጉር ብር ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አንዲት ዕቃ ከመሸጧ በፊት ትወለወላለች።

እናቷ የምትተኛው ሳሎኑ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ተገትሮ በተከለለ ጥግ ነው። ጅምርም የምትተኛው እዚያው፣ ከአልጋው ሥር በሚጎተት ፍራሽ ላይ ነው፤ ሌሊት እናቷ ስትቃትት ለመነሳት እንዲመቻት። ፍራሹን እየገፋች ቀና ሳትል፣ «ለጋሼ ነገርሽው?» አለቻት።

እናቷ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበች፤ ጣሪያውን አየች። ከቁም ሳጥኑ ባሻገር ሳህን ይንኳኳል፣ ልጆች በጫማ ይጣላሉ።  በመጨረሻ «ሰውዬው ቤት አለው» አለች እናትየው። «እኔም ሰው ሳላሰለች የምሞትበት ክፍል ይኖረኛል። እዚህ ምን እንደሆንኩ አላየሽም? ሚስቱ ስታልፍ አፍንጫዋን ትይዛለች። አንቺ ብርጭቆ ስትፈጪ ልትኖሪ ነው፤ እኔንስ ለማን ትተይኛለሽ?»

ይህ ነው ከሁሉ የከፋው። እናቷ አልዋሸችም። ጅምር ጫማዋን አጠለቀች፤ «ፀጉሬን ልሠራ» ብላ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ በእናቷ ተናደደች፣ እናቷ እውነት በመናገሯ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

የመነጽር መሥሪያው ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ጣሪያዋ በአንድ ወገን የተዘቀዘቀ፣ ቀና ያለ ሰው ጭንቅላቱን የሚመታባት ክፍል ናት። ደንበኛ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ይመታል፤ ቀጥሎ መነጽር ያዛል። ግድግዳው ላይ ባዶ ፍሬሞች ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት የመሞረጃ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ ነጭ ጭቃ የሞላ ባልዲ። ጅምር ይህን ቤት ያወቀችው የእናቷን መነጽር ልታስጠግን መጥታ ነው። ሰውዬው ሌንሱን ሲሞርድ አየችና እግሯ መሬት ያዘ። ከዚያ በኋላ እናቷ ከሰዓት በኋላ ስትተኛ ሹልክ እያለች መጣች፤ እሱም ውጪ ሲላት ስላልወጣች ብቻ የተበላሸ ሌንስ እየወረወረላት ትሞርድ ጀመር። ለምን ይህን ሥራ እንደወደደችው ብትጠየቅ አታውቀውም። ፀጉር ያድጋል፣ ልብስ ያረጃል፣ ሕፃን ነገም ይርበዋል። ሌንስ ግን ፍሬሙ ውስጥ ቀጭ ካለ አበቃ፤ አለቀ፤ ማንም መጥቶ አላለቀም አይልሽም።

መነጽር ሠሪው ሲያያት ሰላም አላላትም። «ወንድምሽ ደውሎ ነበር» አለ፣ ሳል እያቋረጠው። «እኔ ቤተ ዘመድ መሐል አልገባም። የእህቴ ልጅም ይህን ወንበር ይፈልገዋል፤ ከሰዓት ይመጣል። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

«ወንድሜ ያለውን ሰምቻለሁ አባባ። እርስዎ ግን ሥራዬን አላዩም።»

«ሥራሽን ምን አደርገዋለሁ? ጨርሰሽ ካልሰጠሽኝ!»

በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት አስተማሪ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እያጨናበሰች ትጠብቃለች፤ አንዱ ሌንስ ተሰብሮባታል፤ ከሰዓት ክፍል ትገባለች። «የቤተሰብ ጉዳያችሁን ኋላ ብትጨርሱት?» አለች በቁጣ። መነጽር ሠሪው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማለዳ ማለዳ ይብስበታል፤ አስተማሪዋም ያንን እንዳላየች ልታልፍ አልፈለገችም። ሰውዬው እያጉተመተመ መሳቢያውን ከፈተ። መሐሉ ላይ በቀለም ነጥብ የተደረገበት ክብ ሌንስ አውጥቶ ለጅምር ወረወረላት ማለት ይቻላል። «በዚህ ቁጥር ያለኝ ይኼው ብቻ ነው። ከተሰበረ ከፍለሽ ትወጫለሽ፤ ሁለተኛ ፊትሽን እንዳላይ።»

ተቀመጠች። የፍሬሙን ቅርጽ ሌንሱ ላይ አሰፈረች፤ ከነጥቡ እስከ ጠርዙ ለካች፤ ድንጋዩን አስነሳች። ሌንስ በኃይል አይሞረድም፤ አስነክቶ ማንሳት፣ አዙሮ ማስነካት፣ ፍሬሙ ላይ አስጠግቶ ማየት ነው። የበዛ ይቀነሳል፤ የጎደለ አይጨመርም። ቀዝቃዛው ውሃ እስከ ክርኗ ፈሰሰ። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ዝም ሲል የሚስቱ ተተካ፤ እሱ ሲያበቃ እንደገና የወንድሟ።  ዕድሜዋን ሙሉ ያ ድምፅ ሲጠራት እጇ የያዘውን ያስቀምጥ ነበር፤ አሁንም እጇ ሳያስፈቅዳት ድንጋዩን ሊያጠፋ ሄደ።

«አንሺው ወይ ዝጊው» አለ መነጽር ሠሪው። «በሁለት ሐሳብ ሌንስ አይያዝም።»

ምናልባት እናቷ ወድቃ ይሆናል። ምናልባት እንግዳው ቀድሞ መጥቶ ይሆናል። ምናልባት ጨው ጠፍቷቸው ነው፤ ከዚህ በፊት ከፈተና አዳራሽ አስወጥተው የጠሯት የሳሎኑ መጋረጃ ወድቆ ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስልኩን ዘጋችው።  ተመልሳ ሌንሱን አነሳች።

ወደ መጨረሻው ላይ ፈራች። ሌንሱ ለፍሬሙ የአንድ ፀጉር ያህል በዝቷል። አንዴ ብታስነካው ይገባል፤ ከበዛባት ግን ይላላና አለቀለት። ይዛው ቆመች፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቢያንስስ?»

«ያንሳላ!» ብሎ ጮኸባት። «ሳይቀነስለት ፍሬም የገባ ሌንስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አስነካችው። ፍሬሙን እንዲለሰልስ በሙቅ አሸዋ አሙቃ ሌንሱን በአውራ ጣቷ ገፋችው፤ ቀጭ አለ። አስተማሪዋ መነጽሯን አጠለቀች፤ ግድግዳውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ «ውይ! ቤቱ እንዲህ ቆሻሻ ነው እንዴ?» ብላ ከፍላ ወጣች፤ ስትወጣም ጭንቅላቷን መታች። መነጽር ሠሪው አላደነቀም። ፊቱን እንደቋጠረ የሥራውን ሁኔታ ነገራት። ደሞዙ ለአንድ ክፍል ኪራይ እንኳ የማይበቃ ነው። ሥራው ከማለዳ እስከ ምሽት ነው። «አንድ ቀን እናቴ ታመመች፣ ወንድሜ ጠራኝ ብለሽ ከተነሳሽ ወንበሩ የእህቴ ልጅ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እስከ ማታ አስቢበትና...»

«አላስብም» አለችው። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

ቤት ስትደርስ ምሳው ተበልቷል። ፀጉሯ አልተሠራም፤ ክንዷ ላይ የደረቀ ነጭ ጭቃ ተለጥፏል። ባትሪ ነጋዴው ወፍራም፣ ፊቱ የደከመ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ለስላሳ ይጠጣል። ወንድሟ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነውና ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ተቀበላት፤ ዓይኑ ግን ሊበላት ደርሷል። የወንድሟ ሚስት ፀጉሯን አየችና ምላሷን ዋጠች። ጅምር ለእንግዳው እጅ ነስታ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ይቺ ናት እህቴ» አለ ወንድሟ። «የእሷ እጅ ያልገባበት ሙያ የለም ስልህ። ፀጉር ትሠራለች፣ ልብስ ትሰፋለች፣ ሂሳብ ታውቃለች፤ ነርስነቱማ ተወው! እናታችንን ማን የያዛት ይመስልሃል?»

ጠዋት ስም ማጥፊያ የነበረው ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ጥሎሽ ሆኖ መጣ። ያው ዝርዝር ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተለወጠም። ጅምር ወንድሟን ትኩር ብላ አየችው። ይህን ያህል እንደምትጠላው እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አታውቅም ነበር።

ባትሪ ነጋዴው ጠርሙሱን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ። «አባቴ ከተኛ ዓመት አልፎታል» አላት። «መርፌ መውጋት ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ማጠብ፣ ማገላበጥስ?»

«አልችልም።»

«ኧረ ስትግደረደር ነው!» አለ ወንድሟ፤ ሳቁ ከአንገቱ በላይ ነበር። «ዓይን አፋር ናት።»

«ልብስም መስፋት አልችልም፣ ፀጉርም አልሠራም፣ ልጅም መያዝ አልችልም። ሁሉንም ትቼዋለሁ፤ ጋሼ ለሰው ሲናገር ሰምቻለሁ። እኔ መነጽር ነው የምሠራው። ከነገ ጀምሮ ከማለዳ እስከ ምሽት እዚያ ነኝ።»

የወንድሟ ሚስት ማንኪያ ጣለች።  እነዚያን ሙያዎች አንድ በአንድ ስትጥላቸው እውነትም የሞቱ ያህል አሟታል፤ በተለይ ነርስነቱ። ወንድሟ አፉን ሊከፍት ሲል ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እናቷ ተጣራች። «ነይ አንሺኝ። ወገቤን ገደለኝ።»

ሁሉም ወደ ጅምር ዞሩ። እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ አወረደቻቸውና ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። «ጋሼ፣ እማ ትጠራሃለች» አለች።

«እኔን አይደለም የጠራችው።»

«አንተም ልጇ ነህ።»

በእንግዳ ፊት ነውና እንቢ ማለት አልቻለም። ተነሳና ቁም ሳጥኑን ዞሮ ገባ። አልጋው ተንቋቋ፤ ከዚያ እናቷ ጮኸች። በተሰበረው በኩል ይዟታል። ጅምር ዓይኗን ጨፈነች። ክንድ ከየት ገብቶ የት መውጣት እንዳለበት፣ እናቷ ትንፋሿን መቼ እንደምትይዝ፣ ሁሉንም ታውቀዋለች፤ ሁለት እርምጃ ብትራመድ ጩኸቱ ያበቃል።

«በየት በኩል ነው የሚያዘው?» አለ ወንድሟ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሆኖ። ድምፁ ተለውጧል፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነው።

«አላውቅም» አለች ጅምር።

እናቷ እንደገና ጮኸች። ያኔ ባትሪ ነጋዴው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ቁም ሳጥኑን ዞሮ ሲገባ «ዞር በል ወንድሜ» ሲል ተሰማ፤ «ይያዙኝ እናቴ፣ አንገቴን ይያዙ፣ እህ...» አለ፤ አልጋው አንዴ ተንቋቋና ጸጥ አለ። ሰውዬው እጁን በመሐረብ እየጠረገ ወጣ። ጃኬቱን ለበሰ። ጅምርን አላያትም፤ አልተቆጣም፤ ምናልባትም የመጣው ሚስት ሳይሆን በሽተኛ የሚያነሳ ክንድ ፍለጋ መሆኑን ከሰማው ቃል ይልቅ ከገዛ እጁ ተረድቶታል። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ወንድሟ ዞረና «በቀን ብዙ ጊዜ ነው የሚነሱት» አለው። «ትለምደዋለህ።»

እሱ ከወጣ በኋላ የወንድሟ ሚስት ሳህኖቹን እየወረወረች አነሳች። ወንድሟ እጆቹን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ያያቸዋል፤ የሰው እጅ የተበደረ ይመስላል። ጅምር ከዚህ ቤት ዛሬ ማታ ትባረር እንደሆን፣ ነገ ምሽትስ የት እንደምትተኛ አታውቅም፤ የምታውቀው ጠዋት የት እንደምትቀመጥ ብቻ ነው። ክንዷ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀችው።

ጥቂት ቆይቶ እናቷ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እንደገና ተጣራች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ውሃ ጠምቷት ነበር። ጅምር ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ አለች።

የጠራችው ግን ወንድሟን ነበር።